ሳያድግ በምን ይታወቃል? የባሕር ጃርት ሕፃንና የዓይደር ድንጋይ

የመቀሌ ግንበኞች የሚጠርቡት የኖራ ድንጋይ ሲያዩት ደብዛዛ ነው፤ ቢጫማ፣ ግራጫ ወይም አመድማ። አዲስ በተፈለጠ ገጹ ላይ ግን አልፎ አልፎ አንዲት ትንሽ ነገር ብልጭ ትላለች። ድንጋዩን ዘንበል ሲያደርጉት ትጠፋለች፤ ሲመልሱት መልሳ ታበራለች። በማጉያ መነጽር ሲያተኩሩባት ዳሯ ክብ ወይም ሞላላ ነው፤ መሐሏ ግን አንድ ወጥ፣ ለጥ ያለ ገጽ። በመቀሌዋ ዓይደር ሰፈር በድንጋይ የታጠረ ግቢ ያለው ሰው ቆም ብሎ ቢፈልግ እንዲህ ያለ ነገር የማግኘት ዕድሉ ትንሽ አይደለም። ካገኘም በእጁ ያለው የባሕር ጃርት ወይም የቅርብ ዘመዱ አጽም ስብራት ነው።

ይህን በድፍረት ለመናገር ምክንያት አለ። የባሕር ጃርት፣ የባሕር ኮከብና ዘመዶቻቸው አጽማቸውን የሚሠሩት ከካልሳይት ነው፤ የኖራ ድንጋይ ራሱ በዋናነት የተሠራበት ማዕድን ማለት ነው። ልዩ የሚያደርጋቸው እያንዳንዱ የአጽማቸው ሰሌዳ፣ እያንዳንዱ እሾህም፣ ከዳር እስከ ዳር አንድ ክሪስታል መሆኑ ነው። እንስሳው በሕይወት ሳለ እሾሁ ውስጡ ቀዳዳ ቀዳዳ ነው። ሞቶ ከተቀበረ በኋላ ቀዳዳዎቹ በዚያው ክሪስታል አቅጣጫ በተሰለፈ ካልሳይት ይሞላሉ። ከዚያ በኋላ መዶሻ ሲያርፍበት እንደ ማንኛውም ካልሳይት በተወሰነ አቅጣጫ ለጥ ብሎ ይፈለጣል፣ ብርሃንም ይመልሳል። የቀንድ አውጣ ቅርፊት እንዲህ አይፈለጥም። ስለዚህ ብልጭታዋ ከዳሯ ቅርጽ ጋር ሆና የትልቁን ቤተሰብ ስም ለመናገር ትበቃለች። የባሕር ጃርት ነው ለማለት ግን አትበቃም፤ በግንድ ላይ ቆመው የሚኖሩት የባሕር ኮከብ ዘመዶችም እንዲሁ ያበራሉና የእሾሁን ቅርጽ፣ በሥሩ ያለውን ቀለበትና ከገላው ጋር የሚጋጠምበትን ጉድጓድ ማየት ያስፈልጋል። የትኛው ዝርያ ነው ለሚለው ጥያቄ ደግሞ አንድ የተሰበረ እሾህ አብዛኛውን ጊዜ መልስ የለውም።

እንግዲህ «ይህ ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ አንድ መስሎ ሳለ ብዙ ነው። የትኛው መልስ ላይ መቆም ይገባናል? ለምንስ? ጥያቄውን በድንጋዩ ብቻ ልመረምረው አልሻም፤ ከሁሉ ይልቅ የሚከብደው ነገሩ ሕያው ሲሆን፣ ከሕያውም ሕፃን ሲሆን ነውና።

በቤታቸው የኮራል አኳሪየም ያቆሙ ሰዎች ይህ ጥያቄ ሳይጠሩት ይመጣባቸዋል። ቀን ምንም አይታይም። መብራቱ ጠፍቶ ብዙ ከቆየ በኋላ ባትሪ ሲያበሩ ከድንጋዩ ስንጥቅ አንድ አምስት ሚሊሜትር የማይሞላ እሾሃም ነገር ወጥቶ ይገኛል። ባለቤቱ አልገዛውም፤ አላስገባውምም። ብዙ ጊዜ የመጣው ከባሕር ከወጣውና ፍጥረታት ከሰፈሩበት «ሕያው ድንጋይ» ጋር ተደብቆ ነው። እዚያው ገንዳ ውስጥ ተፀንሶ ያደገ ሊሆን የሚችለው ከስንት አንዴ ነው፤ አብዛኞቹ የባሕር ጃርቶች እንቁላላቸውንና ዘራቸውን ውኃው ውስጥ ይበትናሉ፣ ከዚያ የሚፈለፈለው እጭ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ሲዋኝ ይቆያል። ማጣሪያና ፓምፕ ባለበት ጠባብ ገንዳ ያን ያህል ጊዜ መቆየት ለእጩ ከባድ ነው።

ለመቀሌ ሰው ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ወሬ ሊመስለው ይችላል። ግን የባሕር ውኃን ነገር ከመቀሌ ገበያ የተሻለ የሚያስተምር ቦታ ብዙ የለም። ከአፋር የሚመጣው አሞሌ የባሕር ትራፊ ነው፤ ቀይ ባሕር ወደ ዳናክል ዝቅተኛ ምድር ገብቶ በነበረበት ዘመን የተረፈ፤ በዚያ ዝቅታ ዳርቻ ዛሬም የደረቁ የኮራል አለቶች ቆመው ይታያሉ። ታዲያ አሞሌውን ፈጭቶ ውኃ ውስጥ በማሟሟት የኮራል ገንዳ ማቆም ይቻላልን? አይቻልም። የባሕር ውኃ ሲተን ካልሲየም የያዘው ጂፕሰም አስቀድሞ ይቀመጣል፤ ቀጥሎ የምግብ ጨው፤ ማግኒዚየሙ እስከ መጨረሻ ውኃው ውስጥ ይቀራል። አሞሌው የባሕር አንድ ክፍል ብቻ ነው። ኮራልም ሆነ የባሕር ጃርት አጽም የሚሠሩት በአንድ ሊትር ውስጥ 400 ሚሊግራም ገደማ ካልሲየምና 1,300 ሚሊግራም ገደማ ማግኒዚየም ካለበት ሙሉ የባሕር ውኃ ነው። በምግብ ጨው ውኃ ውስጥ የገባ የባሕር ጃርት ሕፃን ሰሌዳ የሚሠራበት የለውም።

ወደ ጥያቄው ልመለስ። ሕፃኑ ማን ነው? ለዚህ ተፈጥሯዊ የሚመስለው መንገድ የአዋቂዎችን ሥዕል ዘርግቶ ከማን ጋር እንደሚመሳሰል መፈለግ ነው። መንገዱ የተሳሳተ መሆኑን የባሕር ጃርት ከሌላው እንስሳ ሁሉ አብልጦ ያሳያል። እጩ ቀኝና ግራ ያለው፣ ረጃጅም ክንዶችን የዘረጋ፣ መስታወት የመሰለ ዋናተኛ ነው። አዋቂው ቀኝም ግራም የለውም፤ ገላው በአምስት የተከፈለ ክብ ነው። የአዋቂው ጅምር በእጩ ግራ ጎን ውስጥ ተደብቆ ያድጋል፤ ቀኑ ሲደርስ እጩ ወለል ላይ ያርፋል፣ ክንዶቹ ወደ ውስጥ ይሟሟሉ፣ ከአንድ ሚሊሜትር በታች የሆነ እሾሃም ሕፃን ብቅ ይላል። ሁለቱን ጎን ለጎን ያየ ሰው ዘመዳሞች ናቸው ብሎ አይገምትም። ጀርመናዊው ሊቅ ዮሐንስ ሙለር በሄልጎላንድ ደሴት አጠገብ እንዲህ ያለ ዋናተኛ አግኝቶ እ.ኤ.አ. በ1846 ፕሉቴየስ ፓራዶክሰስ ብሎ የራሱ ስም ሰጠው፤ ራሱን እንደ ቻለ እንስሳ። ስሙ የተሰጠው ግን ከባሕር ጃርት የቅርብ ዘመዶች ለአንዱ፣ ለተሰባሪው የባሕር ኮከብ እጭ ነበር። ሙለር ከዚያ በኋላ ያሉትን ዓመታት ያሳለፈው እነዚህ እጮች ወደ ምን እንደሚለወጡ በመከታተል ነው፤ እኔ እጅግ የማከብርለትም ስሙን ከማውጣቱ ይልቅ ይህን መከታተሉን ነው።

እጭና አዋቂ በመልክ የማይመሳሰሉ ከሆነ «አንድ እንስሳ ናቸው» የምንለው በምን ማስረጃ ነው? ያለ መቋረጥ አንዱ ወደ ሌላው ስለተሸጋገረ ብቻ ነው። መመሳሰል የዚህ አንድነት ምክንያት አይደለም። ሌላው ጀርመናዊ ሊቅ ሃንስ ድሪሽ ነገሩን ከዚህም አርቆ ገፋው። እ.ኤ.አ. በ1891 በትሪየስቴ የባሕር ጃርት ፅንስ ገና ሁለት ሕዋስ ሳለ አናውጦ ለያያቸው። ከእያንዳንዱ ግማሽ እጭ ይወጣል ብሎ ሲጠብቅ ከእያንዳንዱ አነስ ያለ ግን ሙሉ እጭ ወጣ። ድሪሽ በዚህ ተደንቆ ኋላ ወደ ፍልስፍና ተሻገረ፤ በሕያው ነገር ውስጥ ከቁስ ውጭ የሆነ መሪ ኃይል አለ እስከ ማለት ደረሰ። እስከዚያ ድረስ አልከተለውም፤ ሕዋሳት እርስ በርሳቸው ምልክት እየተለዋወጡ ቦታቸውን እንደሚያውቁ የኋላው ሳይንስ አሳይቷልና። ያየው ነገር ግን ዛሬም ያስገድደናል። ግማሹ ሙሉ መሆን ከቻለ፣ ባሕር ጃርትነት በአንድ ቅጽበት ባለው ቅርጽ ውስጥ የተቀመጠ ነገር አይደለም። በአስተዳደጉ ውስጥ ያለ ነገር ነው።

የአኳሪየሙ ባለቤት ግን ያ ያልተቋረጠ መስመር በእጁ የለውም። እንስሳው ከስንጥቅ የወጣው በሌሊት ነው፤ ከየት እንደመጣ የሚመሰክርለት የለም። ያለው ፊቱ ያለው ነገር ብቻ ነው። እሱንም ቀርቦ ቢያየው ብዙ ነው። በእሾሆቹ መካከል ከእሾሆቹ የሚረዝሙ ቀጫጭን ክሮች ይወጣሉ፤ ጫፋቸው ጠፍጣፋ መምጠጫ አለው፤ ይንቀሳቀሳሉ፣ ይዘረጋሉ፣ መስታወቱን ይይዛሉ። እነዚህ እግሮቹ ናቸው። መስታወቱ ላይ ሲወጣ ከሆዱ በኩል ቢያዩት በአፉ መሐል አምስት ነጫጭ ጥርሶች ሲገጥሙና ሲከፈቱ ይታያሉ። አሪስቶትል ስለ እንስሳት በጻፈው መጽሐፍ ከፋኖስ ጋር ያመሳሰለው ይህን ነው ተብሎ ሲታመን ቆይቷል፤ የጥርሱ ዕቃ እስከ ዛሬ የአሪስቶትል ፋኖስ ይባላል። ሮዝ አልጌ በለበሰው ድንጋይ ላይ ያደረበትን ቦታ ጠዋት ቢፈልጉት አምስት ጨረር ያለው ጭረት ይገኛል። ያው የአምስት ጭረት በዳይኖሰሮች ዘመን በኖሩ ቅርፊቶች ላይም በድንጋይ ተጠብቆ በልዩ ልዩ አገር ተገኝቷል። የጥርሱ ባለቤት አካል ፈጽሞ በጠፋበት ቦታ እንኳ ጭረቱ «የባሕር ጃርት እዚህ በልቷል» ብሎ ይመሰክራል።

ስለዚህ «የባሕር ጃርት ነው» የሚለው መልስ እርግጠኛ ነው። ችግሩ የሚጀምረው ሰውየው በዚህ ሳይረካ ሲቀር ነው። የእሾሁን ቀለም ያያል፤ ነጭና ጥቁር ቀለበት ቀለበት ነው። ከአዋቂዎች ሥዕል ውስጥ ባለቀለበት እሾህ ያለውን ፈልጎ ስሙን ይወስዳል። ግን በቀይ ባሕር የሚኖረው ባለረጅም እሾሁ ዲያዴማ ሴቶሰም ሲያድግ ጥቁር ይሁን እንጂ በልጅነቱ ብዙ ጊዜ እሾሁ ባለቀለበት ነው፤ የዘመዱ የኤኪኖትሪክስ ልጅም እንዲሁ። ያደገውን ዲያዴማ ሴቶሰም የሚለዩት በጀርባው ያሉት አምስት ነጫጭ ነጥቦችና በአናቱ ባለው ቀዳዳ ዙሪያ ያለው ብርቱካንማ ቀለበት ናቸው። አምስት ሚሊሜትር በማይሞላ ሕፃን ላይ እነዚህን መፈለግ ገና ያልተጻፈ ደብዳቤ ለማንበብ መሞከር ነው። ሊቃውንት ዝርያ የሚለዩባቸው ሌሎች ምልክቶችም፣ ለምሳሌ በእያንዳንዱ ሰሌዳ ላይ ያሉት የእግር ቀዳዳዎች ቁጥርና አሰላለፍ፣ ከዕድገት ጋር የሚመጡ ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ይነሣል። «የባሕር ጃርት ነው» ብሎ መቆም ግማሽ እውቀት ነው፤ ሰነፍ እንጂ አዋቂ እዚያ አይቆምም የሚል። ተቃውሞውን አልቀበለውም። ሰፊው ስም የጠባቡ ስም ጉድለት አይደለም። ሰፊውን ስም የተናገረ ሰው ስለ ነገሩ ብዙ እውነት ተናግሯል፤ አምስትዮሽ ገላ፣ የሚመጥጥ እግር፣ የሚፍቅ ጥርስ፣ አልጌ የመብላት ልማድ፣ መዳብ ያለበት መድኃኒት ገንዳው ውስጥ ቢገባ የመሞት ዕጣ፣ ሁሉም በዚያ ስም ውስጥ አሉ። ያለ ማስረጃ ጠባቡን ስም የተናገረ ሰው ደግሞ ስለ ወደፊቱ እየተነበየ ነው፤ ልጁ ሲያድግ ምን እንደሚሆን እየተናገረ፣ የሚናገረው ግን ስለ ዛሬው መልክ መስሎታል። ትንቢትን ከምስክርነት አለመለየት ነው ስሕተቱ።

ሁለተኛው ተቃውሞ የበረታ ነው። ባለቤቱ ፈላስፋ አይደለም፤ ዛሬ ማድረግ ያለበት ነገር አለ። ልጁ ዲያዴማ ከሆነ እሾሁ 30 ሴንቲሜትር ሊደርስ ይችላል፤ ይወጋል፣ ያማል። ሌላው ወገን፣ እንደ መስፒሊያ ያለው፣ ትንሽ ሆኖ ይቀራል፤ ቅርፊትና ጠጠር ተሸክሞ አልጌ እየላሰ ይኖራል። ወፍራም እሾህ ካላቸው ወገኖች ውስጥ ደግሞ በሌሎች የገንዳው ነዋሪዎች ላይ ጥርስ የሚያሳርፉ አሉ። እስኪያድግ መጠበቅ እስኪያበላሽ መጠበቅ ሊሆን አይችልም ወይ?

ገበሬ ይህን ጥያቄ ከጥንት ያውቀዋል። እንክርዳድ በቡቃያነቱ ከስንዴ አይለይም፤ በወንጌሉ ምሳሌ ጌታው ሠራተኞቹን አትንቀሉት፣ ሁለቱም እስከ መከር አብረው ይደጉ ያላቸው ስንዴውም አብሮ እንዳይነቀል ነው። ትእዛዙ ብዙ ጊዜ የትዕግሥት ትምህርት ተደርጎ ይነገራል። እኔ ግን በውስጡ ያለውን ስሌት ነው የማደንቀው። ጌታው የሚያመዛዝነው የማይመለሰውን ነው፤ የተነቀለ ስንዴ አይመለስም። በኮራል ገንዳው ደግሞ ስሌቱ ሌላ መልስ ይሰጣል፣ ምክንያቱም ሦስተኛ መንገድ አለ፦ ሕፃኑን ከነበረበት ድንጋይ ጋር ለብቻው፣ ውኃው ከዋናው ገንዳ ጋር በሚገናኝ ትንሽ ሳጥን ውስጥ ማኖር። እንዲህ ያደረገ ባለቤት አልገደለውም፤ አልለቀቀውምም። ስም ሳይሰጠው የሚኖርበት ቦታ ሰጥቶታል። ስሙ ባልታወቀ ነገር ላይ የሚደረግ ተግባር ሁሉ ሊቀለበስ የሚችል ይሁን የሚለው ደንብ ለዚህ ትንሽ እንስሳ ብቻ የሚሠራ አይመስለኝም።

«ጎጂ» እና «ጠቃሚ» የሚባሉትም ቢሆኑ በስሙ ውስጥ የሉም። እ.ኤ.አ. በ1983 እና 1984 በካሪቢያን ባሕር ባለረጅም እሾሁ ዲያዴማ በወረርሽኝ ሲያልቅ፣ ከ90 በመቶ በላይ ሞቶ፣ አልጌው ኮራሉን ሸፍኖ አፈነው። ያን ጊዜ ነው ይህ ሰው የሚሸሸው እሾሃም እንስሳ ለኮራሉ ምን እንደነበር በግልጽ የታየው። እ.ኤ.አ. በ2022 በዚያው ባሕር ሞቱ ሲመለስ ተመራማሪዎች መንሥኤው በዓይን የማይታይ አንድ ጥገኛ ረቂቅ ተሕዋስ መሆኑን አረጋገጡ፤ ብዙም ሳይቆይ የቀይ ባሕሩ ዲያዴማ በአቃባ ባሕረ ሰላጤ እንዲሁ አለቀ።

አሁን ወደ ድንጋዩ። የእንጣሎ የኖራ ድንጋይ የሚባለው ይህ ንብርብር በጁራሲክ ዘመን፣ ከ150 ሚሊዮን ዓመት በፊት ባለው ጊዜ፣ ትግራይ ጥልቀት በሌለው ባሕር ሥር ሳለች የተነጠፈ ነው። ስሙን ያወጣለት እ.ኤ.አ. በ1868 ከእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ጦር ጋር ወደ መቅደላ ሲያልፍ አገሩን ያጠናው ጂኦሎጂስት ዊልያም ብላንፎርድ ነው። በውስጡ የኮራል ጉብታዎች፣ ቅርፊቶች፣ የባሕር ጃርት ስብራቶች አሉ። የመሰቦ ፋብሪካ የሚፈጨው ሲሚንቶም መነሻው የዚህ አገር የኖራ ድንጋይ ነው። የገንዳው ባለቤት ወደፊት አለው፤ መጠበቅ ይችላል። ድንጋዩን የያዘ ሰው ወደፊት የለውም። ትንሽ ክብ ቅሪተ አካል ቢያገኝ፣ ትንሽ ዝርያ ነው ወይስ የትልቅ ዝርያ ልጅ? ቢጠብቅ አያድግለትም።

እዚህ ላይ ግን የባሕር ጃርት አስተዳደግ ራሱ መልስ ይሰጣል፤ ለእኔ በነገሩ ሁሉ ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ ውበት የለም። አዳዲስ ሰሌዳዎች የሚጨመሩት በአናቱ ነው፤ የቆዩት ቀስ በቀስ ወደ አፉ ይወርዳሉ፤ እየወረዱም በዙሪያቸው ይሰፋሉ። ስለዚህ ባደገ ቅርፊት ላይ ከአናት ወደ አፍ የወረደ ዓይን ከአዲስ ወደ አሮጌ እየተጓዘ ነው፤ በአፉ አካባቢ ያሉት ሰሌዳዎች በአብዛኛው የልጅነቱ ናቸው። ሰሌዳው ጥቂት የሆነ ልጅ ነው፤ ገላው ትንሽ ሆኖ ሰሌዳው የበዛ ያደገ ትንሽ ዝርያ ነው። ጊዜ በድንጋዩ ውስጥ ጎን ለጎን ተሰልፎ ተቀምጧል። ቅሪተ አካሉን የያዘ ሰው መጠበቅ ባይችልም፣ እንስሳው ያለፈበትን ዕድገት ሊያነበው ይችላል።

ዓይደር ራሷ በአንድ ቅጽበት መልክ ብቻ የመታወቅን ነገር ታውቀዋለች። ስሟ ሲነሣ ብዙ ሰው የሚያስበው ግንቦት 28 ቀን 1990 ዓ.ም. በትምህርት ቤቱ ላይ የወደቀውን ቦምብ ነው። ያ ቀን እውነት ነው፤ ሊረሳም አይገባም። ግን ከቀኑ በፊትም በኋላም ልጆች የሚያድጉበት ሰፈር ናት፤ በአንዷ ቀን ብቻ የሚያውቃት ሰው ስሟን ይዞ አስተዳደጓን አላየም።

አንድ የመጨረሻ ተቃውሞ ይቀራል። ዛሬ ዲ ኤን ኤ አለ፤ ከሕፃኑ አንድ እሾህ ቆርጦ ከተከማቸው መዝገብ ጋር ማነጻጸርና ዝርያውን ሳይጠብቁ ማወቅ ይቻላል። እውነት ነው፤ አማራጩ ያለው ሰው ቢጠቀምበት መልካም ነው። ነገርን ከሥሩ እናንሣ ካልን ግን መዝገቡ ውስጥ ያለው ስም ከየት መጣ? አንድ ሰው ያደገውን እንስሳ ይዞ፣ ነጥቡን፣ ቀለበቱንና ሰሌዳውን አይቶ፣ ይህ እከሌ ነው ብሎ የሰጠው ነው። ዲ ኤን ኤ መጠበቅን አያስቀርም፤ ሌላ ሰው አስቀድሞ የጠበቀውን ያበድረናል። ብድሩም በመዝገቡ ላሉት ዝርያዎች ብቻ ነው፤ ላልተመዘገበው ልጅ የሚመጣው መልስ እንደገና ሰፊው ስም ይሆናል። ለዓይደሩ ድንጋይ ደግሞ ይህ ብድር ጨርሶ የለም፤ ያን ያህል ዘመን የሚቆይ ዲ ኤን ኤ አልተገኘምና። እሱን የያዘ ሰው ከአናቱ ጀምሮ ወደ አፉ እየወረደ ሰሌዳውን መቁጠር አለበት።